«ኪራይ ሰብሳቢነት» ሲባል በልቷል ማለት ነው?

የሰባተኛዋ፦ ሰላም ናችሁ። አንድ ቃለ ጉባኤ እጄ ገብቷል፣ እዚሁ ድሬ አንድ መሥሪያ ቤት ስለሰረዘው ግዥ የተጻፈ፣ «በሂደቱ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ተስተውሏል» ይላል። እኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፣ ከሦስቱ ፕሮፎርማ አንዱ የኔ ነበር። የሌሎቹን ሁለቱን በኋላ ሳያቸው ማኅተማቸው ይለያይ እንጂ «ስቴፕለር» የሚለውን ሁለቱም «ስፔትለር» ብለው ጽፈውታል፣ የሰንጠረዡ መስመር እንኳ እኩል ቦታ ላይ ነው የተጣመመው። ታዲያ ይሄ ዓረፍተ ነገር ሰውየው ጉቦ በልቷል ነው የሚለው ወይስ ሌላ? መልስ መጻፍ አለብኝ። እናቴ ደግሞ ገንደ ቆሬ ሁለት ክፍል እያከራየች ነው ያሳደገችን፣ ስነግራት «ኪራይ መሰብሰብ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው» አለችኝ።

የዜማ ተማሪ፦ እህቴ መጀመሪያ ሥሩን እንየው። ኪራይ ከግእዝ «ከረየ» ነው፣ ቆፈረ ማለት። መዝሙር 7 ላይ «ግበ ከረየ» ይላል፣ ጉድጓድ ቆፈረ። እንግዲህ ኪራይ ሰብሳቢ ለሌላው ጉድጓድ የሚቆፍር ነው፣ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

መጋላ፦ አቦ ተው እንጂ! ኪራይ ዐረብኛ ነው፣ «ኪራእ»። ሐራጅም ከዛው ነው የመጣው። ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ አይሆንም።

የዜማ ተማሪ፦ ወንድሜ ዳዊት ሳትደግም ስለ ግእዝ አትፍረድ። «ሙስና»ንም ዐረብኛ ልትለው ነው? «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና»፣ መበስበስ ማለት ነው፣ የመቃብር መበስበስ።

መጋላ፦ ሙስና ግእዝ ነው፣ ማን ካደ? የተጠየቀው ስለ ኪራይ ነው።

ሒሳብ ሹም፦ ሥሩን ለጊዜው ተዉትና፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ «ሬንት ሲኪንግ» ለሚለው የኢኮኖሚክስ ቃል የወጣ ትርጉም ነው። ሐሳቡን ኢኮኖሚስቱ ጎርደን ተሎክ በ1967 እ.ኤ.አ. ጻፈው፣ ስሙን ያወጣችለት ግን ሌላዋ ኢኮኖሚስት አን ክሩገር ናት፣ በ1974። እሷ ያየችው የአስመጪ ፈቃድን ነው፣ ፈቃዱ ጥቂት ስለሆነ ያገኘው ሰው ምንም ሳያመርት ትርፍ ያገኛል፣ ያ ትርፍ ነው «ሬንት» የተባለው፣ የእናትሽ ቤት ኪራይ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ክሩገር ስትገምት ሕንድ ውስጥ በ1964 ይሄ ነገር ከብሔራዊ ገቢው 7.3 በመቶ ይደርስ ነበር፣ ቱርክ ደግሞ በአስመጪ ፈቃድ ብቻ በ1968 ወደ 15 በመቶ። ስሕተቱ «ሰብሳቢ» ላይ ነው። «ሲኪንግ» መፈለግ ነው እንጂ መሰብሰብ አይደለም። ጉቦ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ይሄዳል፣ አገር የሚያከስረው ግን ፍለጋው ነው፣ ያቺን ፈቃድ ወይም ያንን ጨረታ ለማግኘት መቶ ሰው ሥራውን ትቶ የሚያጠፋው ጊዜ፣ የሚቀጥረው ሰው፣ የሚያዘጋጀው የውሸት ወረቀት፣ ካሸነፈው አንዱ በቀር የሁሉም ድካም ከንቱ ነው። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል ነበረው፣ ደጅ ጠኚ። ሹመት ፈልጎ ከመኳንንት በር የማይጠፋው ሰው ማለት ነው።

ቁልቢ 19፦ ይሄንንስ አልቀበልም። እኔ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በእግሬ ሄጄ ደጅ ጠንቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ደጅ መጥናት ጸሎት ነው፣ ከፕሮፎርማ ሌባ ጋር ለምን ይቀላቀላል?

ሒሳብ ሹም፦ ወንድሜ ቃሉ አንድ ነው፣ የሚለየው በሩ ነው። የመልአኩ በር ለሁሉ ይበቃል፣ አንዱ ቢያገኝ ሌላው አይጎድልበትም። የባለሥልጣን በር ላይ ግን አንዱ ሲገባ ዘጠና ዘጠኙ ውጭ ይቀራል።

የዜማ ተማሪ፦ «ጠና» ራሱ ከ«ጸንዐ» ነው፣ በረታ፣ ጸና። «ጥናት»ም ከዛው ነው። ስለዚህ ደጅ ጠኚ የሚመሰገን እንጂ የሚሰደብ አይደለም።

መጋላ፦ ይሄኛው ሥር ልክ ነው። መመስገኑ ላይ ግን አልስማማም፣ ክፉ ነገር ላይም ይጸናል ሰው።

ቁልቢ 19፦ አሁንም አልተዋጠልኝም፣ ሌላ ቃል ፈልጉ። «አማላጅ»ም እንዳትሉኝ።

የሰባተኛዋ፦ እሺ ግን ሰውየው በልቷል ወይስ አልበላም ነው የሚለው ወረቀቱ?

ሒሳብ ሹም፦ ሁለቱንም አይልም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ጉቦ መቀበልን በስሙ ነው የጠራው፣ ያንን ማለት ከፈለጉ ይጽፉት ነበር። «ዝንባሌ» የገባው ማንም እንዳይጠየቅ ነው።

የሰባተኛዋ፦ እንግዲያው ኪራይ የሚለውን ደብዳቤዬ ውስጥ አላስገባውም። የሁለቱን ፕሮፎርማ ኮፒ አያይዤ «ስፔትለር» የሚለው ላይ በቀይ አሰምርበታለሁ።