ክርክር፦ የፖፕ ዋርነር ስም ከልጆች ሊግ ላይ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

መነሻ፦
ግሌን «ፖፕ» ዋርነር (1871–1954) የኮሌጅ አሜሪካን ፉትቦልን ካሳደጉ ቀደምት አሰልጣኞች አንዱ ነው። አንድ ትልቅ የልጆች ሊግ ከ1934 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ይገባዋል? ሐሳባችሁን ስጡ።

ይቆይ፦
ለምን ይነሳል? «ሲንግል ዊንግ» የተባለውን አሰላለፍ ያስፋፋው እሱ ነው። ካርላይል የምትባል ትንሽ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ትምህርት ቤት ይዞ በ1911 ሃርቫርድን 18 ለ 15 ረታ። በቀጣዩ ዓመት የጦር አካዳሚውን ቡድን 27 ለ 6 ሸኘው። አይዘንሃወር፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በተሸናፊው ቡድን ውስጥ ነበር። ዋርነር ከዚያ የፒትስበርግንም የስታንፎርድንም ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አሰልጥኗል። ስንት አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው?

ይቀየር፦
ወንድሜ፣ በችሎታው ማንም አልተከራከረህም። ግን ካርላይል ምን ነበር? በ1879 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ከቤተሰባቸው ተነጥለው ይመጣሉ፣ ጸጉራቸው ይቆረጣል፣ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ይከለከላሉ። እዚያው ሞተው የተቀበሩም ብዙ ናቸው። ዋርነር ስሙን የገነባው በእነዚህ ልጆች ጉልበት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ዋርነር በካርላይል ያሰለጠነው የጂም ቶርፕ ነገር ነው። ቶርፕ በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ላይ በፔንታትሎንና በዴካትሎን ሁለት ወርቅ አመጣ። በማግስቱ ዓመት ጥር ላይ ወሬ ወጣ፦ ከኦሊምፒኩ በፊት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ለትንሽ ገንዘብ ቤዝቦል ተጫውቷል ተባለ። ያኔ ኦሊምፒክ ለአማተሮች፣ ማለትም በስፖርት ገንዘብ ለማይቀበሉ፣ ብቻ ነበር። ዋርነር ምን አለ? «አላውቅም ነበር» አለ። ለዓመታት ያሰለጠነው ልጅ ሁለት ክረምት የት እንደዋለ አልጠየቀም? እኔ አላምነውም። ቶርፕ ጥፋቱን አምኖ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሜዳሊያዎቹ ተወሰዱ፣ አሰልጣኙ ስሙ ሳይነካ ቀረ።

ደግሞ በአሸናፊ ላይ ተቃውሞ መቅረብ የነበረበት ኦሊምፒኩ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ቀነ ገደቡ ካለፈ ወራት ተቆጥረው ነበር። ያንን ደንብ አንስቶ የሚሟገትለት ሰው በጣም ያስፈልገው ነበር። ዋርነር ራሱ ሕግ የተማረ ሰው ነው እኮ! የኦሊምፒክ ኮሚቴው ሜዳሊያዎቹን የመለሰው በ1982 ነው፣ ቶርፕ ከሞተ 29 ዓመት በኋላ። ብቸኛ አሸናፊ ተብሎ የታወቀውማ በ2022 ነው።

ይቆይ፦
ቶርፕ ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን ያኔ አሰልጣኝ ሁሉ እንደዚያ ነበር። ሰውን በዘመኑ መዝኑት።

ይቀየር፦
እሺ፣ በዘመኑ እንመዝነው። በ1914 የአሜሪካ ምክር ቤት ካርላይልን ሲመረምር ተጫዋቾቹ ራሳቸው ቀርበው ተናገሩ። ኳርተርባኩ (የቡድኑን ጥቃት የሚመራው ተጫዋች) ጋስ ዌልች ዋርነር ተጫዋቾችን እንደሚሳደብና እንደሚያንገላታ መሰከረ። የስፖርቱ ገንዘብ አያያዝም ጥያቄ ተነሳበት። ዋርነር በዚያው ሰሞን ካርላይልን ለቆ ፒትስበርግ ገባ። እነዚያ ልጆች የእኛን ዘመን አልጠበቁም። በጊዜው ተናግረዋል፣ ሰሚ ነው ያጡት።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። የአሰላለፉ ታሪክ በመጽሐፍ ይጻፍለት። ልጆች የሚጫወቱበት ሊግ ግን ስሙ ጂም ቶርፕ ይባል።