ተማሪዎቼ ሴልን ጠፍጣፋ አድርገው ነው የሚያስቡት፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከ12 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች ስለ ሴል (ሕያው ነገር ሁሉ ስለተሠራበት ጥቃቅን ክፍል) በተግባር እያስተማርኩ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቄያለሁ።

የሽንኩርቱ ሥራ ጥሩ ሄዶልኛል። ከሽንኩርቱ ንጣፍ የውስጥ በኩል ስሱን ልጣጭ በመቆንጠጫ ይገፍፉታል። ውሃ ጠብታ ላይ ዘርግተው፣ ቀለም እንዲይዝ አዮዲን ይጨምሩበታል። በማይክሮስኮፕ 100 እጥፍ አጉልተው ሲያዩት ሴሎቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል፤ በየውስጣቸው ቡናማ ነጥብ አለ፣ ኒውክለሱ (ሴሉን የሚቆጣጠረው ክፍል)። አንዷ ልጅ "ይሄ ሁሉ እዚህች ውስጥ ነበር?" ስትል ደስታዬን አልቻልኩትም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሳሉ ስላቸው ሁሉም ባዶ ሳጥን ስለው መጡ። ሴል ውፍረት ያለው፣ ውስጡ የተሞላ ነገር መሆኑ አልገባቸውም። የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ቀስ ብለው ሲያዞሩ አንዱ ንብርብር ደብዝዞ ሌላው እንደሚጠራ አሳየኋቸው። "ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ።

አሁን ያሰብኩት በቀይ ሽንኩርት ነው። ቀዩን ልጣጭ ጨው ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው ቀለም ከግድግዳው ሸሽቶ ይሰበሰባል። ይሄ ሳጥኑ ባዶ እንዳልሆነ ያሳያቸው ይሆን? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ጨዉን ምን ያህል አደረጋችሁት? ወይስ መጀመሪያ በጭቃ ሞዴል ቢሠሩ ይሻላል?