የቆየ የወንጀል ፍርድ እያለብኝ የነርስነት ፈቃድ ማውጣት እችላለሁ?

ነጩ ጋውን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የነርሲንግ ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ነው የቀረኝ። በ19 ዓመቴ ከአንድ ልጅ ጋር ተጣልቼ መታሁት፣ ጥርሱ ወለቀ። ተከሰስኩ፣ ጥፋተኛ ተባልኩ፣ የአንድ ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደብኝ። ካሳውን ከፍያለሁ፣ እስር ቤት አልገባሁም፣ ከዚያ ወዲህም በምንም ነገር ተከስሼ አላውቅም። አሁን 31 ዓመቴ ነው።

የሙያ ፈቃድ ማመልከቻው ላይ «በወንጀል ጥፋተኛ ተብለው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። ጓደኞቼ «ካልታሰርክ እንዳልተፈረደብህ ነው፣ የለም ብለህ ሙላው» ይሉኛል። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። አዎ ብል ይከለክሉኛል? የለም ብል ይደርሱበታል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የፍርድ ቤት ጎረቤት

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ክፉ አስበው ባይሆንም የነገሩህ ነገር ስህተት ነው። ገደብ የሚያስቀረው መታሰሩን እንጂ ጥፋተኛ መባሉን አይደለም። ቅጹ «ታስረው ያውቃሉ?» ቢልህ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። «ጥፋተኛ ተብለው ያውቃሉ?» ካለ ግን መልስህ አዎ ነው። አንዳንዱ ቅጽ ደግሞ «ተከሰው ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ በነጻ የተሰናበተ ሰው እንኳ አዎ ሊል ነው። ስለዚህ ቅጹን ቃል በቃል አንብበው፣ ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማብራሪያም አትዝለለው። ስንት ዓመት ወደኋላ እንደሚጠይቅ፣ ደንብ መተላለፍን ይጨምር እንደሆነ፣ የተሰረዘ ፍርድ መነገር ይኑርበት አይኑርበት የሚገኘው እዚያ ነው።

ሌላው፣ ከትዝታህ እንዳትሞላ። ወደ ፈረደብህ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሂድና ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ አውጣ። ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ የተፈረደበትን አንቀጽ በትክክል አያስታውስም። «ቀላል ድብደባ» ብሎ ይጽፍና መዝገቡ ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ሆኖ ሲገኝ እንደ ዋሸ ይቆጠርበታል። የገደቡ ጊዜ በሰላም ማለቁንና ካሳው መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀትም እዚያው ጠይቅ።

ዝም አይነቅዝም

እኔ ደግሞ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ሰው ሲፈራ ያልተጠየቀውን ሁሉ ይዘከዝካል፤ ክስ ሳይመሠረትበት ጣቢያ ያደረበትን ሌሊት ሳይቀር ይጽፋል። የተጠየቅከውን ብቻ መልስ። ደግሞም ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው መዝገብ በስም ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል።

ሲስተር የሌሊት ተረኛ

ዝም አይነቅዝም፣ የመጀመሪያው ሐሳብህ ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ግን ልጁን ገደል ይከተዋል። ብዙ ቦታ የሚጣራው በጣት አሻራ ነው። ባይገኝ እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ ፈቃዱ ከተሰጠ ከዓመታት በኋላም ቢታወቅ ሊሰረዝ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ምክንያቱ የ19 ዓመት ልጅ ጠብ ሳይሆን በአዋቂ እጅ የተፈረመ የሐሰት ቃል ነው። የድሮው ጥፋት ጊዜ አልፎበታል። ውሸቱ አዲስ ነው። ላልተሰጠ መድኃኒት ቻርት ላይ «ሰጥቻለሁ» ብሎ የሚፈርም ነርስ ሰው ይገድላል፤ ፈቃድ ሰጪዎች እውነት መናገርን አጥብቀው የሚይዙት ለዚህ ነው፣ እኔም እደግፋቸዋለሁ።

ይከለክሉኛል ወይ ላልከው ግን፣ ልጄ፣ እንዲያው ከወዲሁ አትጨልምብህ። የሚታየው ፍርድ መኖሩ ብቻ አይደለም፣ ጥፋቱ ከሥራው ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ ነው። በእኛ ሙያ መድኃኒት መስረቅ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ በአቅመ ደካማ ላይ የተፈጸመ በደል በጣም ይከብዳሉ። አንተን በተመለከተ የሚያሳስባቸው «ይህ ሰው ሲበሳጭ እጁን ይሰነዝራል ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ ደግሞ ዋርድ ውስጥ አለልህ። ራሱን የማያውቅ በሽተኛ ሌሊት ተነሥቶ ይመታል፣ ይተፋል፣ ይሳደባል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ገጥሞህ ድምፅህን ሳታነሣ አረጋግተኸው ከሆነና የተግባር ልምምድ ኃላፊህ ያንን አይታ ከጻፈችልህ፣ ከትልቅ ሰው የመጣ የምስጋና ደብዳቤ አይወዳደረውም።

ነጩ ጋውን

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንዲህ ያለ በሽተኛ አጋጥሞኛል፣ ኃላፊዬም ነበረች፤ እጠይቃታለሁ። የፍርድ ቤት ጎረቤት፣ «የተሰረዘ ፍርድ» ያልከው ምንድን ነው? የእኔም ሊሰረዝ ይችላል?

የፍርድ ቤት ጎረቤት

እንደምትኖርበት አገር ሕግ ነው። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ መሰየም የሚባል ሥርዓት አለው። ቅጣቱ ከተፈጸመ ወይም ከቀረ በኋላ ፅኑ እስራት ለተፈረደበት ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ጊዜ ቢያንስ 2 ዓመት ሲያልፍ፣ ሰውየው በመልካም ጠባይ ከቆየና ካሳውን አቅሙ በሚፈቅደው ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ሲፈቀድለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህ በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ ማመልከት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ከይቅርታ ጋር ያምታታዋል፤ ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ፍርዱን አይሰርዘውም። የገደብ ዓይነቱንም ግልባጩ ላይ እይ፤ ቅጣት ሳይወሰን በፈተና መቆየትና ተወስኖ አፈጻጸሙ መታገድ አንድ አይደሉም። አንተ እንደገለጽከው ሁለተኛው ነው የሚመስለኝ።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1974 ሕግ ጊዜ ያለፈበትን ፍርድ አለመናገርን ይፈቅዳል፤ በ1975 የወጣው ደንብ ግን ነርስ፣ ሐኪም፣ ጠበቃና የመሳሰሉትን ከዚህ ያወጣቸዋል፣ ስለዚህ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ መዝለል ለጤና ባለሙያ አደገኛ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ ፈቃድ ሰጪው አካል 8 ነገሮችን እንዲመዝን ሕጉ ያዝዘዋል፦ ከነዚህ ውስጥ ያለፈው ጊዜ፣ በጊዜው የነበረህ ዕድሜ፣ የጥፋቱ ክብደት፣ ጥፋቱ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት፣ መታረምህን የሚያሳይ ማስረጃ ይገኙበታል። ሌላ አገር ብትሆንም ማመልከቻህን በእነዚህ ዙሪያ ብታዘጋጅ አትጎዳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስረዛውን ጠይቀህ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ፍርዱ አለ። ትእዛዙ በእጅህ ሳይገባ «የለም» ብለህ እንዳትሞላ።

ነጩ ጋውን

የማብራሪያ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፣ እስቲ እዩልኝ፦ «በወጣትነት ዘመኔ በተፈጠረ አለመግባባት ምክንያት በአንድ ግለሰብ ላይ ጉዳት ደርሷል። ድርጊቱ የእኔን ማንነት አይገልጽም።»

ሲስተር የሌሊት ተረኛ

ይሄ አይሆንም። ማን መታ? ጉዳቱ ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለው። አንባቢው ፋይሉን ይዞ ነው የሚያነብህ፣ ስለዚህ ከእሱ የምትሸሽግ አትምሰል። እንዲህ ብትለውስ፦ «በ19 ዓመቴ ከአንድ ልጅ ጋር ስከራከር በቡጢ መታሁትና ጥርሱ ወለቀ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ አንድ ዓመት በገደብ ፈረደብኝ። ካሳውን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ የገደቡም ጊዜ ያለ ምንም ጥፋት አልቋል። ግልባጩን አያይዣለሁ።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ በተጨባጭ ጻፍ። «ተለውጫለሁ» አትበል፤ ምን እንደሠራህ ንገራቸው፣ ይበቃል። «እሱ ነው የጀመረው» የሚለውን እውነት ቢሆን እንኳ ተወው፤ ፍርድ ቤቱ ያንን ሰምቶ ነው የወሰነው። ከአንድ ገጽ አይለፍ።

ሒሳብ ሹሙ

እኔ በሌላ ሙያ ነኝ፣ ግን በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። የምስክር ደብዳቤ የሚጽፉልህ ሰዎች ፍርዱን ማወቃቸውን ደብዳቤው ራሱ ይናገር። «ታማኝና ታታሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ጸሐፊው ምንም ሳያውቅ የጻፈው ከሆነ ዋጋ የለውም። «የተፈረደበትን ነግሮኛል፣ እያወቅሁ ነው የምመሰክርለት» የሚለው ነው የሚሠራው። መንገሩ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የነገርኳቸው ሰዎች ከጠበቅሁት በላይ ቆመውልኛል።

እኔን መጀመሪያ ከልክለውኝ ነበር። የክልከላው ደብዳቤ ሲደርስህ መጀመሪያ ምክንያቱንና የይግባኙን ቀነ ገደብ ፈልግ። ቀኑ ካለፈ የቱንም ያህል እውነት ብትይዝ ላይሰሙህ ይችላሉ። እኔ በይግባኝ የጎደለውን ሰነድ ጨምሬ ፈቃዱን አገኘሁ፤ ለተወሰነ ጊዜ በክትትል ሥር ሆኜ ነበር የሠራሁት። ያም መፍትሔ ነው፣ ካቀረቡልህ አትናቀው።

ዝም አይነቅዝም

በአሻራው ጉዳይ ሲስተር ትክክል ናት፣ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ልጨምር፦ ትምህርት ገና ያልጀመራችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ሰጪውን ጠይቁ። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች «ይህ ፍርድ አለብኝ፣ ብማር ትፈቅዱልኛላችሁ?» ብሎ ቅድመ ውሳኔ መጠየቅ የሚቻልበት አሠራር አለ። ክፍያና ዓመታት ከመባከናቸው በፊት ማወቅ ይሻላል።

ነጩ ጋውን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጠበቃ ልያዝ?

የፍርድ ቤት ጎረቤት

ለማመልከቻው ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ አማክረህ ቅጹንና ደብዳቤውን ቢያይልህ ሊበቃህ ይችላል። ቃልህን እንድትሰጥ ከጠሩህ ወይም ከከለከሉህ ግን ብቻህን አትግባ፤ በሙያ ፈቃድ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ፈልግ፣ የወንጀል ጠበቃ ሁሉ ይህን ሥርዓት አያውቀውም። ያስገባኸውን ወረቀት ሁሉ ቅጂ ያዝ፣ የተቀበሉበትንም ቀን አስፈርም።

ሲስተር የሌሊት ተረኛ

ፈቃዱን ስታሳድስም ሆነ አዲስ ሆስፒታል ስትቀጠር ያንኑ ጥያቄ ደግመው ሊጠይቁህ ይችላሉ። የዛሬውን መልስህን አስቀምጠው፤ ቀኑም አንቀጹም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ለኃላፊህ ደግሞ ነገ አትበል፣ የልምምዱ ጊዜ ሳያልቅና ጉዳዩን ሳትረሳው ጠይቃት።