የላዳ ፋብሪካ ይተርፋል ትላላችሁ?

የላዳው_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ቶዮታ ስታወሩ ዝም ብዬ ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ በላዳ ታክሲ ነው ያሳደገን። ሰማያዊና ነጭ፣ ኮድ 1፣ ሞዴሏ 2107። አሁን ሥራ አቁማ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። እሁድ እሁድ ሸራውን ገልጦ ያስነሳታል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ ያዳምጣታል፣ ያጠፋታል፣ መልሶ ያለብሳታል። በቃ።

ሩሲያ ያለውን የላዳ ፋብሪካ ዜና ከቴሌግራም እየለቀምኩ የምነግረው እኔ ነኝ። ከመስከረም 19 (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 29፣ 2025) ጀምሮ በሳምንት አራት ቀን ብቻ ሊሠሩ ነው የሚለውን ሳነብለት «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብሎ ሬዲዮውን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ሆኗል፤ «እነዚያ ሰዎችስ እንዴት ሆኑ?» የሥጋ ዘመዶቻችን ይመስል።

እኔ ተስፋ አለኝ። ዳሲያን አስቡት እስቲ። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የሮማኒያ ፋብሪካ ነበር፣ በ1999 ሬኖ ገዛው፣ በ2004 ሎጋንን አወጣ፣ ይኸው ሳንዴሮ በ2024 አውሮፓ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተሸጠ መኪና ሆነ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ላዳስ ለምን አይሆንለትም? ፋብሪካው ካንሰራራ ደግሞ አዲስ ላዳ አዲስ አበባ ውስጥ ዳግም እናይ ይሆን? የምታውቁ በቅንነት መልሱልኝ። መሳቅ የፈለገም ይሳቅ።


ገፍተህ_አስነሳው፦

ላዳ መቼ ሞተ? ሁለት ሰው ከኋላ ገፋ ካደረገው ይነሳል 😂


ካንዴላ፦

ልጄ፣ ሁለት ጥያቄ ነው አንድ አድርገህ ያመጣኸው። የፋብሪካው መትረፍ ሌላ፣ የአባትህ መኪና መትረፍ ሌላ። ያቺ 2107 በ2012 ከምርት ወጥታለች። እዚያ አራት ቀን ሠሩ አምስት ቀን፣ ላንተ ካርቡሬተር የሚጨምረው ነገር የለም።

እሷ እኮ ሥሯ ጣሊያን ነው። ሶቭየቶች በ1966 ከፊያት ጋር ተዋዋሉና ቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ተከሉ። ከተማውም ቶሊያቲ የሚባለው በጣሊያኑ የኮሚኒስት መሪ ስም ነው። በ1970 የወጣችው የመጀመሪያዋ ላዳ ፊያት 124 ናት፣ ግን እንዳለች አልወሰዷትም። ላሜራዋን አወፈሩት። ከመሬት ከፍ አደረጓት። የኋላ ዲስክ ፍሬኗ በጭቃና በጠጠር ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግራቸው ከበሮ በሚመስለው በድሮው ዓይነት ቀየሩት። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ወደ ላይ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ አወጡት። ባትሪ ሲደክም በእጅ ዞራ እንድትነሳ የማኖቬላ ቀዳዳ ሳይቀር ተዉላት። ይህ ሁሉ ለነሱ በረዶና ለነሱ ኮረኮንች የታሰበ ነው፣ ግን የኛን መንገድ አይቶ የሄደ ሰው የሠራት ነው የምትመስለው።

እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ፊያት ሴይቼንቶ ሲፈቱ ያረጁ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያዋ ላዳ ስትመጣላቸው ኮፋኖዋን ከፍተው «ይህቺንማ አውቃታለሁ» ነበር ያሉት። ስሙንም አትዩት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ስንል የምንኖረው እኮ በጣሊያንኛ ነው፣ ሩሲያዋ መኪና ገብታ እንኳን ቋንቋችንን አልቀየረችውም።

ለማንኛውም ዕቃ ሶማሌ ተራ አሁንም ይገኛል፣ አንዳንዱ አሮጌ ቢሆንም። እኔን የሚያስፈራኝ የቶሊያቲ መዘጋት አይደለም። ካርቡሬተር በጆሮው የሚያስተካክል ሰው እያለቀ ነው። የዛሬ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ኮምፒውተር ካልሰኩ ግን ሞተሩ የሚላቸውን አይሰሙም።


ከቮልጋ_ማዶ፦

እኔ ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ሩሲያ የቀረሁ ነኝ፣ ስለዚህ ከጎረቤት ሆኜ ልናገር።

ወንድሜ፣ የዳሲያ ምሳሌህ ጥሩ ነበር፣ ግን የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው። ላዳም ሬኖ ነበረው እኮ! በ2008 ሩቡን ገዛ፣ ቆይቶ ድርሻውን ወደ 68 በመቶ አደረሰው። አዲስ መሣሪያ ገባ፣ ብዙ ሠራተኛ ተቀነሰ (እሱ እዚህ እስካሁን ቂም ነው)፣ በ2015 ቬስታ የምትባል ሞዴል ወጣች፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው ሳያፍር «ላዳ ገዛሁ» ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ የዩክሬኑ ጦርነት መጣ፣ ማዕቀብ መጣ፣ ሬኖ በግንቦት 2022 ድርሻውን ለአንድ የመንግሥት ተቋም በአንድ ሩብል አስረክቦ ወጣ። አንድ። ተመልሶ የመግዛት መብት ለስድስት ዓመት አስቀምጧል፣ ማለትም እስከ 2028፤ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግራንታ የምትባለውን ላዳ ያለ ኤርባግና ያለ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ማምረት ጀመሩ፣ ዕቃው ከውጭ ነበርና የሚመጣው። ቀስ በቀስ መልሰውታል፣ ግን ያ ዓመት ስሙን ጎድቶታል።

አሁን ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። መሥራት አላቃታቸውም፣ መሸጥ ነው ያቃታቸው። የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ከ2024 ጥቅምት እስከ 2025 ሰኔ 21 በመቶ ነበር። በዚህ ወለድ ማነው በብድር መኪና የሚገዛው? ገንዘብ ያለው ደግሞ ሃቫል፣ ቼሪ፣ ጂሊ ጋ ይሄዳል፣ ቻይናዎቹ ምዕራባውያን ለቀው የሄዱትን ቦታ ሁሉ ሞልተውታል። ፋብሪካው ውስጥ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፣ በ2025 ኢስክራ የምትባል አዲስ ሞዴል ለገበያ አቅርበዋል፣ አዚሙት የምትባል ከፍ ያለች መኪናም አሳይተዋል። ኒቫ ደግሞ፣ በ1977 የወጣችው ያችው ኒቫ፣ ዛሬም ትመረታለች። ይህን ሳይ ሳቄም ኩራቴም ይመጣል፣ ምን እንደሚያኮራኝ ባላውቅም።

ይዘጋል ወይ ካልከኝ አይመስለኝም። ከተማው በሙሉ የተንጠለጠለበት ፋብሪካ ነው፣ መንግሥት ዝም ብሎ አያየውም። ግን አለመሞትና መዳን ይለያያሉ። ሞስክቪች የሚባለውን የድሮ ስም በ2022 «አስነሳን» አሉ፣ ሬኖ በለቀቀው የሞስኮ ፋብሪካ ውስጥ። ሄጄ አየሁት። የቻይናው ጃክ ነው፣ ምልክት ለጥፈውበት። የላዳ ወዳጆች እዚህ የሚፈሩት ይህንኑ ነው፤ ስሙ ብቻ ተርፎ ውስጡ እንዳይለወጥ።


ቻርጅ_ላይ_ነኝ፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳና ሂዱ። ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሏ የተነገረው በጥር 2024 ነው። ቶሊያቲ ነገ ገነት ቢሆን፣ ኢስክራም አዚሙትም እዚህ አይገቡም። በኤሌክትሪክ ከመጡ ነው። ላርገስ የምትባለውን ላዳ በኤሌክትሪክ በ2024 ማምረት ጀምረዋል፣ ግን ከቻይናው ቢዋይዲ ጋር አዲስ አበባ ላይ ሊወዳደር? እባካችሁ።

ለአባትህ ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ እኔም ልጅ ሆኜ የታመምኩ ዕለት ሌሊት በላዳ ነው ሆስፒታል የደረስኩት። ግን ያን ጊዜ ሌላ ምርጫ አልነበረም እኮ። ዛሬ ሰው ራይድ ይጠራል፣ የሚመጣለት መኪና ኤርባግ አለው፣ መስኮቱም ይከፈታል። ላዳ ውስጥ የመስኮት ማዞሪያ ከሾፌሩ ኪስ ይወጣ የነበረውን ረሳችሁት? 😄 አንዷ ማዞሪያ ለአራቱም በር።

ከምር መኪናዋን ከወደዳችኋት ሞተሯን አውጥታችሁ ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር አስገቡባት። ውጭ አገር አሮጌ መኪኖችን እንደዚያ እያደረጉ ነው።


ካንዴላ፦

ሞተሯን አውጥተህ ምኗን ነው ላዳ የምትላት? እዚያ ማዶ ያለው ወንድማችን ስለ ሞስክቪች ያለውን አላነበብክም መሰለኝ።


ቻርጅ_ላይ_ነኝ፦

አነበብኩ ጋሼ። ግን ቆማ ከምትበሰብስ መሄድ አይሻልም?


ካንዴላ፦

ይሻላል። እሱን አልክድም። በመጀመሪያ ግን ባላት ትሂድ።


የላዳው_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የፊያቱ ታሪክ ላይ ራሱን እየነቀነቀ ነበር፣ ያውቀዋል። የመስኮት ማዞሪያው ላይ እናቴ ሳቀች፣ እሱ አልሳቀም፣ ተነስቶ ከመሳቢያ አውጥቶ አሳየን። አሁንም አለ። ሬኖ በአንድ ሩብል አስረከበ የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«አንድ ሩብል ስንት ብር ነው?»

ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እኔ ሳልሰማ?» አለ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ እስኪያስለው ድረስ። ያን ያህል ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ስለ ክልከላው የተነገረውን ግን እስከ መጨረሻው አላስነበበኝም። እኔም አልገፋሁበትም። ኢስክራ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ «ብልጭታ» ማለት ነው ስለው ስሙን ወዶታል። ከቮልጋ ማዶ ያለኸው ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ካየሃት ፎቶ አንሳልን፣ ከውስጥም ጭምር፣ ዳሽቦርዱን ማየት ይፈልጋል።

ጋሽ ካንዴላ፣ ለርስዎ ደግሞ አንድ ጥያቄ። ያለፉት ሁለት እሁዶች ትነሳና ጥቂት ቆይታ ትጠፋለች። ነዳጅ ስሰጣት ትቆያለች፣ እግሬን ሳነሳ ትጠፋለች። እሱ የካርቡሬተሩ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ) ነው ይላል፣ ሊፈታው ይፈልጋል፣ ዓይኑ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ምን ላድርግ?


ከቮልጋ_ማዶ፦

ፎቶውን እልካለሁ። ከኛ ሰፈር አንዷ ቆማለች፣ ነጭ። ባለቤቱ በረዶ ሲጠርግ ጠብቄ እጠይቀዋለሁ፣ ላዳ የገዛ ሰው ስለ ላዳ ሲጠየቅ እምቢ አይልም።


ካንዴላ፦

አባትህ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን መጀመሪያ ቤንዚኑ መቼ የተቀዳ እንደሆነ ጠይቃቸው። ወራት የቆየ ከሆነ አፍስሰህ አዲስ ቅዳ፣ ቆሞ የቆየ ቤንዚን ዝቃጩ ነው ጂግለሩን የሚደፍነው። ማጣሪያውንም ቀይር፣ ርካሽ ነው። ካርቡሬተሩን ግን አትንካው፣ አንተም እሳቸውም። በመልእክት ሳጥን ስልኬን ልኬልሃለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሃት ና። እሳቸውንም ይዘህ ና፣ ሲነዷት ነው መስማት የምፈልገው።