ግራም ላይ ይታያል፣ ፕሌት ላይ ግን የለም

የጣና ዳር ተለማማጅ፦
ሰላም ቤቶች! ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ ልምምድ ላይ ነኝ። የማጅራት ገትር ጥርጣሬ ካለበት ሕፃን የተቀዳ የአከርካሪ ፈሳሽ መጣ። ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም ለይቶ በማይክሮስኮፕ ማያ) ላይ ጥቃቅን ቀያይ ባክቴሪያዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በበግ ደም ብለድ አጋር (ደም የገባበት፣ ባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄል) ላይ ዘርተን ስናየው ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ስታፍ (ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ) የሚመስል ብክለት አድጎ፣ ዙሪያውን እንደ ጤዛ የደቀቁ ነጠብጣቦች ከበውታል። ምን ጉድ ነው?

ነጭ ጋውን፦
መልሱ እኮ ጤዛው ነው! ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ይመስላል። ይሄ ባክቴሪያ ሄሚን (ብረት የያዘ የደም ንጥረ ነገር) እና ኤንኤዲ (ለሴል ሥራ የሚያስፈልግ ረዳት ሞለኪውል) ካላገኘ አያድግም (ኤክስ እና ቪ ፋክተር የሚባሉት)። ሁለቱም ደም ውስጥ አሉ፤ ግን ኤንኤዲው ቀይ የደም ሴሉ ውስጥ ተቆልፏል፣ ትንሽ ቢወጣም የበግ ደም ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ለእሱ የላም አለኝ በሰማይ ነው። ስታፉ ግን ሴሎቹን ያፈርሳል፣ ራሱም ኤንኤዲ ይለቃል፤ ለዚህ ነው እዚያው ዙሪያ የተኮለኮሉት።

ቾኮሌት አጋር ሥሩለት። ደም የገባበትን አጋር 80 ዲግሪ አካባቢ ቡናማ እስኪሆን ታሞቁታላችሁ፤ ሴሉ ይፈነዳል፣ ኢንዛይሙም ይሞታል። ብዙ ካሞቃችሁት ደግሞ ኤንኤዲውም ይበላሻል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃው ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ በዓይን ግምት አትሥሩ፣ ቴርሞሜትር ክተቱበት።

እቴ ካልቸር፦
አየሩንም አትርሱ። 5 በመቶ ገደማ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይመከራል፤ ይህን ጋዝ የሚሰጥ ኢንኩቤተር (ማሳደጊያ ሳጥን) ከሌለ ሻማ ማሰሮ ውስጥ አብርታችሁ መክደን ነው፣ 3 በመቶ አካባቢ ይሰጣል። ነጭ፣ ሽታ የሌለው ሻማ ይሁን። ደግሞ ናሙናውን ሙቀት ነው ብላችሁ ፍሪጅ ከታችሁት ከነበረ በቃ፣ እነዚህ ብርድ አይችሉም።

የጣና ዳር ተለማማጅ፦
ፍሪጅ አልገባም። በግ ማግኘት ግን ራስ ምታት ሆኖብናል፣ ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም ቢሆንስ?

ነጭ ጋውን፦
ኧረ ተው! ሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚጨመር ኬሚካል) አለበት፣ ፀረ እንግዳ አካልና የመድኃኒት ቅሪት ሊኖረው ይችላል፣ ለእናንተም አደጋ ነው። የበጉን ደም በመስታወት ጠጠር እያወዛወዛችሁ ፋይብሪኑን (ደም የሚያረጋውን ክር) አውጡት። ግራሙን ግን ለሐኪሙ ነግራችኋል አይደል? ሕክምናው የካልቸር (ባክቴሪያውን የማሳደግ) ውጤት አይጠብቅም።

የጣና ዳር ተለማማጅ፦
ወዲያው ነው የተደወለው፣ ሕፃኑ መድኃኒት ጀምሯል።