ቦዝ አንቀጽ፣ ማሰሪያ አንቀጽ እና የእንግሊዝኛ ኮማ

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። የእንግሊዝኛ መልመጃ ላይ «አይ ፊኒሽድ ወርክ፣ አይ ዌንት ሆም» የሚለው «ኮማ ስፕላይስ» ነው፣ አርሙት ይላል። ለኔ ጆሮ ምንም አልጎደለውም። ሥራ ጨርሼ ቤት ሄድኩ ነው በቃ። አንድ ሰው ደግሞ «ነገሩ ከቦዝ አንቀጽ ጋር ይገናኛል» አለኝ። ቦዝ ማለት ምንድን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
በደንብ ይገናኛል እንጂ! «ቦዝ» ከ«ቦዘነ» ጋር ዘመድ ነው፤ ሥራ ፈት እንደማለት። «ጨርሼ»፣ «ገብቶ»፣ «በልተን» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ግስ ናቸው፣ ግን ዐረፍተ ነገር አይዘጉም። ሰው «ሥራ ጨርሼ…» ብሎ ዝም ቢልሽ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትይዋለሽ። የሚዘጋው «ሄድኩ» ነው። ስለሚያስር ማሰሪያ አንቀጽ ተባለ።

እኛ ጋ ነገሩ ማለቁን ግሱ ራሱ ይናገራል። ለዚህ ነው ቴሌግራም ላይ ያለ አንድ አራት ነጥብ ገጽ ሙሉ የሚለቀቅ ጽሑፍ እንደምንም የሚነበበው (ዓይን ቢያደክምም)። እንግሊዝኛ ላይ ግን ግሱ መሐል ይገባል፤ «ፊኒሽድ» ይሰር ይቦዝን መልኩን አይተሽ አታውቂም። ሥራው ሥርዓተ ነጥቡ ላይ ይወድቃል። «አይ ፊኒሽድ ወርክ» ብቻውን ሙሉ ነው፣ «አይ ዌንት ሆም»ም እንደዚያው። ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ለመያዝ ኮማ ብቻውን አቅም የለውም፤ «ኮማ ስፕላይስ» የሚሉት በኮማ ብቻ ማያያዙን ነው። ወይ ነጥብ አድርጊ፣ ወይ ሰሚኮለን (;)፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ «ሶ» ወይም «ኤንድ» ጨምሪ። ካልሆነም የመጀመሪያውን አቦዝኚው፦ «ሃቪንግ ፊኒሽድ ወርክ፣ አይ ዌንት ሆም»።

የማታ ተማሪ፦
ውይ፣ ይሄማ «ጨርሼ» ማለት ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም በ«ሃቪንግ» ነው የምጀምረው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ቀስ በይ እንጂ፣ ወጥመዱ እዚያ ነው። «እራት በልቼ መብራት ጠፋ» ብትይ ማንም አይስቅም። «በልቼ» ውስጥ «እኔ» አለሁ። «በልተሽ» ቢሆን አንቺ፣ «በልቶ» ቢሆን እሱ። የእኛ ቦዝ ባለቤቱን እንደ ልጅ አዝሎ ነው የሚዞረው። አሁን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጪው፦ «ሃቪንግ ኢትን ዲነር፣ ዘ ላይትስ ዌንት አውት»። እራቱን የበላው መብራቱ ሆነ! የእነሱ ቦዝ ባለቤት አይዝም፤ ከኮማው ቀጥሎ ያገኘውን ስም ይይዛል። «ዳንግሊንግ ፓርቲሲፕል» ይሉታል፣ ተንጠልጥሎ የቀረ ነው ነገሩ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። «አፍተር አይ ኤት ዲነር» ብለሽ «አይ»ን አስገቢያት። በ«ሃቪንግ» መጀመር ካማረሽ ደግሞ ከኮማው በኋላ የመጣው ስም ድርጊቱን ራሱ የፈጸመ መሆኑን አረጋግጪ። በነገራችን ላይ ይሄ ስህተት እንግሊዞቹም ጋ ሞልቷል፤ እኛ ግን ቋንቋችን ስለሚገፋፋን በቶሎ እንገባበታለን።

የጭነት ሾፌር፦
እህቴ፣ ኮማን የናቀ ገንዘቡን ናቀ። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ የኦክኸርስት ወተት ድርጅት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባናል ብለው ከሰሱ። ሕጉ ክፍያው የማይመለከታቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር መጨረሻው ላይ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ይላል፣ ከ«ኦር» በፊት ኮማ የለም። ሾፌሮቹ «እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም፤ ይሄ ሐረግ ለመላክም ሆነ ለማከፋፈል ማሸግን ብቻ ነው የሚለው» አሉ። ድርጅቱ ደግሞ «ማሸግ አንድ፣ ማከፋፈል ሌላ» ብሎ ተከራከረ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አንቀጹ ግልጽ አይደለም ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ። በ2018 በ5 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ግዛቱም ከፍርዱ በኋላ ሕጉን ሲያርም በየሥራው መሐል ሰሚኮለን ደረደረበት።

የማታ ተማሪ፦
ጉድ ነው! እኔ ታዲያ «ቲ፣ ኮፊ ኤንድ ሚልክ» ስጽፍ ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ ላድርግ ወይስ ልተወው?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ኦክስፎርድ ኮማ» የሚሏት እሷ ናት። የእንግሊዝ ጋዜጦች ባብዛኛው ይተዋታል፣ የአሜሪካ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ያስገቧታል። አስተማሪሽን የቱን እንደሚፈልግ ጠይቂና በያዝሽው ጽኚ። ዝርዝሩ ለሁለት ትርጉም ክፍት ከሆነ ግን ማንንም አትጠይቂ፣ አስገቢያት።