የመሃል አዲስ አበባን መናፈሻዎችና ታሪካዊ ቦታዎች በምን ቅደም ተከተል መጎብኘት ይሻላል?

የካዛንቺሱ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከመስቀል በዓል በኋላ አባቴ ከደሴ መጥተው ጥቂት ሳምንታት አብረውን ይቆያሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ስለሆኑ ታሪክ ያለበትን ቦታ ሁሉ ማየት ይፈልጋሉ፤ ይሁን እንጂ ጉልበታቸው ደክሟል፣ የደም ግፊትም ስላለባቸው ዳገት አይሆንላቸውም። ልጆቼ ደግሞ አንዱ ዘጠነኛ፣ ታናሿ ሦስተኛ ክፍል ናቸው፤ ሙዚየም ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ሜዳና ውኃ ያለበት ቦታ ሲባሉ ግን ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ይጠብቃሉ። እኔ ራሴ በየቀኑ በአጠገባቸው የማልፍባቸውን ቦታዎች ገብቼ አላየኋቸውም። አንድነት ፓርክን፣ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ እንጦጦንና ፒያሳን በዝርዝሬ ይዣለሁ። የትኛውን ከየትኛው ጋር ላጣምር? ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታይ ነገርስ አለ?

ቁልቁል ተጓዥ

የአባትዎን ጉልበት ካሰቡ ዋናው ነገር የመንገዱ አቀማመጥ ነው። ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ በኩል እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ወደ ታች የሚያወርድ ስለሆነ፣ ታክሲ ይዛችሁ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ውረዱ፤ ብዙ ሰው ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ሽቅብ እየወጣ ነው ቀኑን የሚያበላሸው።

አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት አለ። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በ1929 ዓ.ም. በከተማዋ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ በሐውልቱ ዙሪያ ተቀርጿልና፣ አባትዎ ለልጆቹ የሚተርኩት እዚያ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብታችሁ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም እዩ። ሕንፃው ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ የለገሱት የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ መኝታ ቤታቸው እስከ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ታግተው የተገደሉትም በዚሁ ግቢ ነው። ደጁ ላይ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ታያላችሁ። ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበትን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን ለማሰብ የሠሩት ነው፤ ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ሙዚየም የሚጠላ ልጅ እንኳን ይህን ሲሰማ ቆም ይላል።

ወደ አምስት ኪሎ ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም በመንገዳችሁ ላይ ነው። ድንቅነሽን ካያችሁ በኋላ ላዩን ፎቅ ለመጨረስ አትታገሉ፤ ልጆች በዚያ ሰዓት ይደክማሉ። አራት ኪሎ ስትደርሱ የሚያዝያ 27ን ሐውልት ከአደባባዩ ዳር ሆኖ ማየት ይበቃል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ተመልሰው ገቡ። የዚያን ቀን ጉብኝት እዚያው ላይ አቁሙት።

የታሪክ መምህር

ከላይ የተጻፈው መልካም ነው፤ አንድነት ፓርክን ግን ከሌላ ቦታ ጋር ባታጣምሩት እመክራለሁ። ፓርክ ይባል እንጂ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ስለሆነ፣ የግብር አዳራሹን፣ የዙፋን ቤቱንና የንጉሡን እልፍኝ በችኮላ ማለፍ ለአንድ ጡረተኛ መምህር ቅጣት ነው። ልጆቹ ደግሞ ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶችና የክልሎችን ማሳያ ቦታዎች እያዩ የሚቆዩበት ሰፊ ግቢ ስላለ፣ ሁለቱን ትውልድ ለየብቻ አሰማርቶ ምሳ ላይ መገናኘት ይቻላል።

ሳይነገር እንዳይቀር የምሻው አንድ ነገር አለ። በደርግ ዘመን መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣናት በዚሁ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ታስረው ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከተረሸኑት 60 ያህል ሰዎች ውስጥ ናቸው። በማግሥቱ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ተገኘች። እነዚህን ሁለት ቀናት በአንድነት የሚያነሣ አስጎብኚ አላጋጠመኝም፤ አባትዎ ግን ዕድሜያቸው ስለሚፈቅድ ያንን ሳምንት በራሳቸው ያስታውሱታልና ይጠይቋቸው። የተረሸኑት ባለሥልጣናት መቃብር የሚገኘው ከቤተ መንግሥቱ ብዙም በማይርቀው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በዚያው ካቴድራል ውስጥ ስላረፉ፣ በሌላ ቀን ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ቢሄዱ ነገሩ ይሟላል። ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ያረፉበት ባዕታ ለማርያምም በአቅራቢያው ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሁለቱም መልሶች ለአባትየው እንጂ ለልጆቹ አልተጻፉም። የሦስተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ቀን ከሐውልት ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ አጽም ከተወሰደች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአልጋዋ አትነሣም። በበኩሌ ከስድስት ኪሎው ጉብኝት ግማሹን ቀንሼ ከሰዓት በኋላውን ለወዳጅነት ፓርክ እሰጠዋለሁ፤ ሰው ሠራሽ ሐይቁና ሣሩ አለ፣ ለአረጋዊ የሚሆን ሜዳማ መንገድና መቀመጫም አይጠፋም። መናፈሻ የታሪክ ቦታ ማሟያ ተደርጎ ሲቆጠር ቅር ይለኛል፤ ከተማችን ለረጅም ጊዜ ያጣችው እኮ ልጅ ያለ ሥጋት የሚሮጥበትን ቦታ ነው።

እንጦጦን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ደም ግፊት ላለበት ሰው ሐኪምን ሳያማክሩ መውጣት አይገባም፤ ከተፈቀደላቸውም እስከ ላይ በመኪና ይሂዱ፣ ጋቢም አይርሱ። አባትዎን ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ከደፉበት ከእንጦጦ ማርያም ያድርሷቸው። ሙዚየሙና የምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት እዚያው ጎን ለጎን ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ጭቃና እንጨት መሆኑ ከታችኛው፣ ከአንድነት ፓርኩ ግቢ ጋር ሲነጻጸር ያስገርማል፤ እቴጌ ጣይቱ የፍልውኃን ሜዳ መርጠው በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ወደዚያ መውረድ የጀመረችበትን ምክንያት ያንን ብርድ የቀመሰ ሰው ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ልጆቹ ደግሞ በባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ ፈረስና ብስክሌት ያገኛሉ። እያንዳንዱ ፓርክ የራሱ መግቢያ ክፍያ አለው፤ በውስጡ ያሉት ጨዋታዎችም ለየብቻ ስለሚከፈልባቸው፣ ከቤት ሳትወጡ በጀቱን ከልጆቹ ጋር ተነጋገሩበት።

የካዛንቺሱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስት ኪሎን ቀንሼ ከወዳጅነት ፓርክ ጋር አደርገዋለሁ፤ አንድነት ፓርክ ለብቻው ይሆናል፤ እንጦጦ የሐኪሙን ቃል ይጠብቃል። ስለ ፒያሳና ከከተማ ውጭ ስላለው ግን እስካሁን ያነሣ የለም።

የቡታጅራ መንገድ

ፒያሳ ግማሽ ቀን ይበቃታል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ሰፊ ስለሆነ ጠዋቱን ለእርሱ ስጡት። ከዚያ የምኒልክን ሐውልት አይታችሁ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ግቡ፤ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው ይህ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ጣይቱ ሆቴል ቡና ጠጥታችሁ ወደ ቤት ተመለሱ።

ከከተማ ውጭ ለአንድ ቀን የምመርጠው የቡታጅራን መንገድ ነው። ማለዳ ተነሥታችሁ መጀመሪያ ራቅ ወዳለው ወደ ጢያ ሂዱ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች በአንድ ሜዳ ላይ ስለቆሙ አባትዎ ብዙ ሳይራመዱ ያዩአቸዋል፤ የተቀረጹትን ሰይፎች ልጆቹ ይቁጠሩ። ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ወደሚባለው የቅድመ ታሪክ ቁፋሮ ቦታ ትደርሳላችሁ፤ እርሱም በ2016 ዓ.ም. ባልጪት ከሚባለው የአካባቢው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ተመራማሪዎች ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎችን፣ የሕፃናት ጭምር፣ የእግር ዱካ ያገኙት እዚያ ነው፤ ይህን ለታናሿ ቀድማችሁ ንገሯት። አዳዲ ማርያም የምትባለው ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያንም በዚያው አቅጣጫ ትገኛለች፤ ነገር ግን ከዋናው መንገድ መገንጠል ስለሚጠይቅና መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ፣ የአባትዎን ሁኔታ አይታችሁ መልካ ቁንጡሬ ላይ ወስኑ። በመነሻችሁ ዋዜማ የመንገዱን ሁኔታ የዚያን መስመር ሾፌሮች ጠይቁ፤ ለመግቢያና ለአስጎብኚም ጥሬ ገንዘብ ያዙ።